ከጎንደር እስከ ደባርቅ የሰማኋቸው

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወለቃን እንዳለፋችሁ መንገዱ ሽቅብ ነው። ኮሶዬ ላይ ቱሪስቱ ሁሉ "አቁምልኝ" ይላል፤ ወርዶ ገደሉን ፎቶ ያነሳል። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። ከ2007 እስከ 2012 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ላይ ቱሪስት ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ስለ ስሜን ተራሮች አልጽፍም። መኪናዬ ውስጥ ስለሰማሁት ሙዚቃ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ "የኔን ሙዚቃ ልክፈት?" ይላል። ገመዱን አቀብለዋለሁ፣ ስልኩን ይሰካል። ብዙውን ጊዜ የማላውቀው ነገር ይመጣል። ጊታር የሚበዛበት ብዙም አልያዘኝም። ራፑንም ከሰፈር ልጆች ሰምቼዋለሁ። የያዘኝ ሌላ ነው። ከበሮው የማሽን ነው፣ ኪቦርዱ ያብረቀርቃል፣ ዘፋኙ ግን ማታ ብቻውን ቁጭ ያለ ሰው ይመስላል። ስሙን በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ኤሌክትሮ ፖፕ ይሉታል። በባንድ ሆነው ጊታሩንም ሲንተሳይዘሩንም (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን ኪቦርድ) ለጭፈራ የሚያውሉት ደግሞ ኢንዲ ዳንስ ይባላሉ። ለኔ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ዳሽቦርዱ ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበረኝ፤ ነዳጅ የምመዘግብበት ነው። ከኋላ በኩል ገልብጬ የሙዚቀኞቹን ስም እንደሰማሁት በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። ደብተሩ አሁንም አለኝ። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ስም ክራፍትወርክ ነው። ያሰማኝ አንድ ሸምገል ያለ ጀርመናዊ ነው። ከፒያሳ ስንነሳ "ለሾፌር የተሠራ ሙዚቃ አለኝ" አለኝና ከፈተው። መጀመሪያ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል። ሞተር ይነሳል። ክላክስ ይነፋል። ከዚያ ሙዚቃው እንደ መኪና መንቀሳቀስ ይጀምራል። "አውቶባን" ይባላል፤ ጀርመኖች ፈጣኑን አውራ ጎዳናቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። የወጣው በፈረንጆቹ 1974 ነው፤ ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው። ርዝመቱ ከ22 ደቂቃ በላይ ነው። አልቆ ገና ኮሶዬ አልደረስንም ነበር።

ክራፍትወርክን ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ዱሰልዶርፍ ከተማ ውስጥ በ1970 መሠረቱት። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ ሁሉ ብድር አለበት ቢባል የነሱ ነው። እኔ ግን በዚያን ቀን ይህን አላውቅም። ያኔ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። መንዳት ዘፈን ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሥራዬ ነው፤ እንጀራዬ ነው። ማርሽ መቀየር፣ ጠመዝማዛውን መያዝ፣ ከፊት የመጣውን ከብት ማሳለፍ። አንድ ሰው ይህንን ቁጭ ብሎ አዳምጦ ዜማ አወጣለት። ያን ቀን መሪውን የያዝኩት በሌላ እጅ ነው ማለት እችላለሁ።

ክራፍትወርክ ግን አያለቅስም። የምታለቅሰው ሮቢን ናት።

ሮቢን ስዊድናዊት ናት። ዘፈኗን ያመጡት ከአገሯ የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። መስኮት ከፍተው በሙሉ ድምፃቸው ይዘፍኑ ነበር። "ዳንሲንግ ኦን ማይ ኦውን" ይባላል፤ በ2010 የወጣ ነው። ትርጉሙን ጠየቅኳቸው። አንዲት ሴት ጭፈራ ቤት ውስጥ ናት። የምትወደው ሰው ከሌላ ሴት ጋር ሆኖ ታየዋለች። እሱ አያያትም። እሷም አትሄድም፣ ጥግ ላይ ብቻዋን መጨፈሯን ትቀጥላለች። ይኸው ነው። ከሥሩ ያለው ባስ ግን እንደ ልብ ምት ነው፤ አንዴም አያርፍም።

ዘፈኑን ተቀብዬ በስልኬ ወደ ቤት ወሰድኩት። እማዬ ቡና ታፈላ ነበር። "ምንድነው ይሄ ድው ድው?" አለችኝ። ታሪኩን ነገርኳት። ጀበናውን ከእሳቱ አወጣችና ትንሽ አዳመጠች።

"ታዲያ ይቺ ልጅ እያለቀሰች እኮ ነው።"

"አዎ።"

"እያለቀሰች ትጨፍራለች?"

"አዎ እማዬ።"

ቡናውን እስክትቀዳ ዝም አለች። ከዚያ "አዝማሪውስ እንዲያ አይደል?" አለች። "ልብህን እየቆረጠ ትከሻህን ያስመታሃል።"

ያን ቀን ነው ይህ ሙዚቃ ለምን እንደያዘኝ የገባኝ። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። አዝማሪ ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ግጥሙ ስለሞተ ወይም ስለራቀ ሰው ሆኖ፣ ማሲንቆው ግን ከወንበር ሲያስነሳችሁ አላያችሁም? እኛ ጭፈራና ሐዘንን በሁለት ቀን አንከፍላቸውም። ስለዚህ "የፈረንጅ ዳንኪራ ነው" ብላችሁ የተዋችሁት ካለ እባካችሁ ተመለሱና በሮቢን ጀምሩ።

ከሮቢን ቀጥሎ ኒው ኦርደርን ስሙ። የእንግሊዝ ማንቸስተር ልጆች ናቸው። ከዚያ በፊት ጆይ ዲቪዥን የሚባል ባንድ ነበራቸው። ዘፋኛቸው ኢያን ከርቲስ በ1980 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ፤ 23 ዓመቱ ነበር። የቀሩት ጓደኞቹ ስማቸውን ቀየሩና ቀጠሉ። በ1983 "ብሉ መንደይ"ን አወጡ። ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ የከበሮ ማሽኑ ብቻውን ይመታል። ሰው መዝፈን የሚጀምረው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ሲዘፍንም ድምፁ የደነዘዘ ነው፣ እንባው ያለቀበት ሰው ድምፅ። ታሪካቸውን ካወቅኩ ወዲህ ያንን ሁለት ደቂቃ ቸኩዬ አላልፈውም።

እህቴ የኪነት ቡድን ውስጥ ትጨፍር ነበር። "ብሉ መንደይ"ን አሰማኋትና እስክስታ ሞከረችበት። "አይገጥምም" አለች። ነገሩን በእጇ ጠረጴዛ እየመታች አስረዳችኝ። የኛ ጭፈራ ስድስት ይቆጥራል፤ ሦስት ሦስት እያለ ነው የሚሄደው፣ ችክ ችካ የምንለው። የነሱ ደግሞ አራት፣ እኩል እኩል ነው። ትከሻ ሦስተኛውን ሲፈልግ ከበሮው ቀድሞት ይሄዳል። እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በሳምንቱ መጥታ በግማሽ ፍጥነት፣ ትከሻዋን አንድ ጊዜ ብቻ ጣል እያደረገች ስትጨፍር አየኋት። እስክስታም አይደለም፣ የፈረንጅም አይደለም። በጣም ያምር ነበር።

አንድ የተቸገርኩበት ስም ነበር። ሁለት የስኮትላንድ ልጆች ያሰሙኝ ባንድ ነው። ደብተሬ ላይ "ቸርችስ፣ ግላስጎ፣ ሴት ዘፋኝ፣ ድምፅዋ እንደ ጥሩ ብርጭቆ" ብዬ ጽፌያለሁ። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስፈልግ የሚመጣልኝ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ባለ 44 ታቦቷ ጎንደር ቁጭ ብዬ የዓለምን ቤተ ክርስቲያን በሙሉ አየሁ፤ ባንዱን ግን አላገኘሁም። አንድ ዓመት ከምናምን አለፈ። በኋላ አንድ ሌላ እንግዳ ደብተሬን አይቶ አረመልኝ። ስማቸውን ሲጽፉ በ"ዩ" ፋንታ "ቪ" ነው የሚያስገቡት። ያደረጉትም ሰው ሲፈልጋቸው ከእውነተኛው ቤተ ክርስቲያን ጋር እንዳይምታታበት ብለው ነው። እንግዲህ እናንተ እንደኔ ዓመት አትፈልጉ፤ በ"ቪ" ጻፉ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ2013 የወጣው "ዘ ቦንስ ኦፍ ዋት ዩ ቢሊቭ" ነው። የዘፋኟ ስም ሎረን ሜይቤሪ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ለመንዳት ከሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ኤልሲዲ ሳውንድሲስተም የሚባለው ባንድ ለጠዋት አይሆንም። እሱ የማታ ነው። እንግዶቹን ደባርቅ አድርሼ፣ ባዶ መኪና ይዤ ስመለስ የምሰማው ነው። የኒውዮርኩ ጄምስ መርፊ ነው ዋናው ሰው። በ2007 የወጣ "ኦል ማይ ፍሬንድስ" የሚባል ዘፈን አለው። አንድ ፒያኖ ያንኑ ነገር ይደጋግማል። መጀመሪያ የተሳሳተ ይመስላል፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ሌላው ሁሉ በሱ ላይ ይደረደራል። ዘፈኑ ስለ ዕድሜ ነው፤ ሰው ሲያድግ ጓደኞቹ እንዴት እንደሚበተኑ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ነበር የምናመሸው። ዛሬ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ ቤይሩት፣ አንዱ አሜሪካ። ይህን ዘፈን ስሰማ ዳባት ላይ የነበረችው ፀሐይ ወለቃ ስደርስ ጠልቃ ታመልጠኛለች። ቢከብዳችሁም እስከ መጨረሻው ስሙት። ሰባት ደቂቃ ይሞላል፤ ግማሹ ላይ ያቆመ ሰው አልሰማውም።

የለንደኑን ባንድ ሆት ቺፕንም ስሙ። ቀጭንና ለስላሳ ድምፅ ያለው አሌክሲስ ቴይለር ነው፤ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከጆ ጎዳርድ ጋር ነው የሚሠራው። በ"ዘ ዎርኒንግ" ጀምሩ፣ የ2006 ነው። የሜልበርን ልጆች ካት ኮፒም ጥሩ ናቸው። "ኢን ጎስት ከለርስ" ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ የሚደመጥ አልበም ነው፣ 2008። ዳፍት ፐንክን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ የኔ ምክር ግን አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ ልቤ ሰው ልምጣ።

አንድ አሜሪካዊ እንግዳ፣ ጨነቅ ላይ ዋሊያ ካየን በኋላ፣ መኪና ውስጥ ገብቶ "የአገርህን ሰው ልጋብዝህ" አለኝና ከፈተ። አኮርዲዮን ነው። ዜማው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዓይነት ነው። ከሥሩ ግን የከበሮ ማሽን አለ። ሲንተሳይዘር አለ። "ማነው?" አልኩት። "ኃይሉ መርጊያ።"

ስሙን ከዋሊያስ ባንድ ጋር አውቀው ነበር። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ሒልተን የሚጫወቱት፣ ስማቸውም ያው የኛው ዋሊያ። ከዋሊያስ በኋላ ምን እንዳደረገ ግን ሰምቼ አላውቅም። ባንዱ በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩን፣ የከበሮ ማሽኑን ይዞ የድሮ ዜማዎችን ተጫወተ። "ሸሞንሟናዬ" የሚል ስም ሰጠው። ካሴቱ ወጣ፣ ተደመጠ፣ ከዚያ ጠፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት እየፈለገ አገራችን መጣ። ካሴቱን ያገኘው የት መሰላችሁ? ባሕር ዳር። እዚህ ጎረቤታችን። በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ዓለም ሰማው።

ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን የመኪናው ኋላ ኪስ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ኤርፖርት ላይ ተራ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመዳል። እንግዳው ይህን ሲነግረኝ መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ምክንያቱን ለእንግዳው አልነገርኩትም። እኔም ሾፌር ነኝ። ደባርቅ ሆኜ ተራራ የወጡ እንግዶችን ሦስት ቀን፣ አራት ቀን የጠበቅኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ባዶ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ግን በዚያው ባዶ ጊዜ ውስጥ እጁን ሲያፍታታ ኖረ። በ2018 "ላላ በሉ" የሚል አዲስ አልበም ይዞ ወጣ። ዕድሜው 70 አልፎ ነበር።

"ሸሞንሟናዬ"ን ማታ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት። ለጭፈራ የተሠራ ነው አልልም፣ ግን ተቀምጦ የሚሰማም አይደለም። እህቴ በሱ ላይ ጨፍራለች። ትከሻዋ ምንም አልተቸገረም።

ከኃይሉ ወደ ከለላ መሄድ ይቀላል። ከለላ ሚዛነክርስቶስ ዋሽንግተን ተወልዳ ሜሪላንድ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። ስሟን በአማርኛ ስታነቡት ትርጉሙ ራሱ ይነግራችኋል። በ2017 "ቴክ ሚ አፓርት"ን፣ በ2023 ደግሞ "ሬቨን"ን አወጣች። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይመስላል። የአማርኛ ቃል አትፈልጉበት። እኔ ግን ድምፅዋን ስታጎነብስና ስታነሳ የኛን ቅላጼ እሰማለሁ፤ ይህ የኔ ጆሮ ነው።

ከአገር ቤት ሚካኤል ሰይፉ አለ። "ዘላለም" የሚለውን ሥራውን በ2016 አውጥቷል። ከሱ ጋር የሚጠራው እንደገና ሙሉ ነው፤ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም ይሠራል። ሥራቸውን ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ይሉታል። ቀስ ብሎ የሚገባ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሮፍናን ግን ትዕግሥት አይጠይቅም። "ነጸብራቅ" በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ የጎንደር ባጃጅ ሁሉ ያጫውተው ነበር። ያ ሦስት ሦስት የሚሄደው ምታችንና የማሽኑ ምት በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲታረቁ ያየሁት በሱ ነው። ወንድሞቼ፣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባዕድ ነው ለሚላችሁ ሰው ሌላ ክርክር አያስፈልግም፤ ሮፍናንን ክፈቱለት።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ እንግዳ ቀረ። ቀጥሎ ጦርነቱ። መኪናው የኔ አልነበረም፤ ባለቤቱ ሸጠው። እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ለብዙ ወራት በስልክ ኢንተርኔት አልነበረንም። የቀረኝ ደብተሩና አንድ ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ነበር። ፒያሳ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ጋ እየሄድኩ፣ ደብተሬን እያሳየሁ፣ ከቀድሞ በየጊዜው ያስሞላሁት ነው። ከዚያ በላይ አዲስ ነገር ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ያለውን ደጋገምኩ። አንዱን አልበም 50 ጊዜ፣ 60 ጊዜ ሰማሁ። ይህ ሙዚቃ ሲደጋገም ይከፈታል። "ኦል ማይ ፍሬንድስ" ውስጥ ባሱ የቱ ጋ እንደሚገባ፣ "አውቶባን" ውስጥ ዋሽንት መሳይ ድምፅ የቱ ጋ እንደሚመጣ ያወቅኩት ያኔ ነው። አሁን ኔት ሲኖር ሰው አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል። እባካችሁ አንዱን መርጣችሁ አንድ ሳምንት አብራችሁት ሰንብቱ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ዘንድ ቡና እየጠጣን ነበር። ቶናው ተቀድቶ ሳለ ድንገት "ያቺ ልጅስ?" አለችኝ።

"የቷ ልጅ?"

"ያቺ እያለቀሰች የምትጨፍረው። ደህና ሆነች?"

ስንት ዓመት አልፎታል። እኔ የረሳች መስሎኝ ነበር። ሮቢን ያን ዘፈን ካወጣችበት አልበም በኋላ ብቻዋን የሠራችው ቀጣይ አልበም ስምንት ዓመት ፈጅቷል። በመሃል አብሯት ይሠራ የነበረ ወዳጇ በካንሰር ሞተባት። ከፍቅረኛዋም ተለያይታ ነበር። በ2018 "ሃኒ"ን ይዛ ተመለሰች፤ ማር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። "ውይ፣ የኔ ልጅ" አለች።

የአልበሙን የመጨረሻ ዘፈን ከፈትኩላት፣ "ኤቨር አጌን" ይባላል። ከእንግዲህ ልቤ አይሰበርም የምትልበት ነው። ይህንንም ተረጎምኩላት። እማዬ ሲኒውን እጇ ላይ እንደያዘች ሰማችው። ሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ የቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ዘፈኑ ሲያልቅ "ድገመው" አለችኝ። ተነሥታም በረካውን ልትቀዳ ሄደች።